ደብተሬን ስዘጋ ያፈርሁበት ቁጥር

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የምተዳደረው ተቀጥሬ ሳይሆን በግሌ እየጻፍሁ ነው። ዛሬ የምጽፍልዎት ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ባለፈው ጥር ሐይቁ ዳር ላለ አንድ ሆቴል ብሮሸር ጻፍሁ፤ የገዳማቱን የጀልባ ጉዞ፣ የጢስ ዓባይን መንገድ፣ የዘጌን ቡና፣ ሁሉንም። ዋጋው 18,000 ብር ነበር። ብሮሸሩ ታትሞ እንግዳ መቀበያው ላይ ተደርድሯል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ «ነገ ነይ» እባላለሁ። የባጃጁ ሒሳብ ብቻውን ተደምሮ ያስለቅሳል። ባለቤቱ ሲያየኝ ቡና ያዝልኛል፣ «ጸሐፊያችን መጣች» ይላል፣ ከዚያ ስልኩ ይጮኻል። ስልኩ ሁልጊዜ የሚጮኸው ቡናው ሲያልቅ ነው።

በዚህ ጳጉሜን የዓመቱን ገቢ ደመርሁ። አባቴ ነጋዴ ስለነበር ደብተር መያዝ ለምዶብኛል። በ2017 ያገኘሁት 196,400 ብር ነው። በ2016 128,000 ነበር፤ ያኔ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሥራ በአብዛኛው ቀርቶብኛል። ስለዚህ አድጌአለሁ። የዘጋቢ ፊልሙ፣ የትርጉሙ፣ የሬዲዮው አለ፤ 105,000ው የተማሪዎች ነው፤ ሰባት የመመረቂያ ጽሑፍ በ15,000 ብር። በ2016 ሁለት ብቻ ነበሩ፣ በ12,000። ከመነሻው እስከ መጨረሻው እኔ ስለምጽፈው አንዱ ሦስት ሳምንት ይወስዳል እንጂ እነሱ ችግር የለባቸውም፤ ቀብድ ሳልቀበል አልጀምርም፣ ለመስከረምም ሁለት ልጆች ከወዲሁ ልከውልኛል። ያስመረሩኝ እንደ ሆቴሉ ባለቤት ያሉት ናቸው። በዚያ 18,000 ብር የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ እሸፍንበት ነበር!

ወንድሜ በየበዓሉ «አሁንም ሥራ አልያዝሽም?» ይለኛል። ለእሱ መልስ እንዲሆነኝ የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ «የ2018 ግብ፦ 300,000 ብር» ብዬ ጻፍሁ። ጽፌ ሳየው ግን አፈርሁ። ቁጥሩ በዝቶብኝ ይሆን? ላጥፋው ወይስ ይቆይ? ሰው ሲጠይቀኝስ ጸሐፊ ነኝ ማለት እችላለሁ?

ደብተር ያዥዋ፣ ከባሕር ዳር

እኅቴ፣

የሆቴሉን ሰውዬ ለጊዜው ከነቡናው እንተወው። ደብዳቤሽ ሁሉ በዝግታ ሲሄድ አንድ ቦታ ብቻ ሮጠሽ አልፈሻል፤ «እነሱ ችግር የለባቸውም» ያልሽው ላይ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ልጅ ፈታኞች ፊት ቆሞ፣ ጽሑፉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቃሉ «አንጻራዊ» ነበር። ጽሑፉ ግሩም ነበር፤ የጻፈው ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ያን ዕለት ከልጁ ይልቅ የጻፈለትን ረገምሁ። ቁጣው እስከ ዛሬ ስላልወጣልኝ ከእኔ ሚዛናዊ ፍርድ አትጠብቂ።

ደብተርሽን ግን ወድጄዋለሁና በእሱ እንነጋገር። የተማሪዎቹን ገንዘብ ከሁለቱም ዓመታት ቀንሺ። ለ2016 104,000 ይቀራል፤ ለ2017 91,400። ኢንተርኔት በጠፋበት ዓመት በራስሽ ሥራ ያገኘሽው ይበልጣል! በዚያ ላይ ብሩም ያው ብር አይደለም። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እናም አላደግሽም።

የሚጎዳኝን ሒሳብም አልደብቅሽም። ሰባቱ ጽሑፎች 21 ሳምንት ወስደዋል፤ በሳምንት 5,000 ብር ማለት ነው። በቀሩት 31 ሳምንታት ያገኘሽው በሳምንት 3,000 አይሞላም። የማይገባው ሥራ የተሻለ ይከፍላል፤ ባይከፍልማ ማን ይነካው ነበር? ግን ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያልተመለሱት የአዲስ አበባ ደንበኞችሽ የት እንደቀሩ እነዚያን 21 ሳምንታት ጠይቂያቸው።

ከሁሉ የገረመኝ ቀብዱ ነው። ከተማሪ ቀብድ ሳትቀበይ ብዕር የማታነሺ ሴት፣ ለሆቴል ስትጽፊ ምን ነካሽ? ስምሽን ስትሸጪ ደፋር ነሽ፤ ችሎታሽን ስትሸጪ ታፍሪያለሽ። እንጨት በታንኳ ጭነው ሐይቁን የሚሻገሩት ሰዎች ለማያውቁት ሰው በዱቤ ሲሸጡ አይቼ አላውቅም። ከእንግዲህ ግማሹን ሳትቀበይ፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን በውል ሳይሰፍር አትጀምሪ። ለሰውዬው ደግሞ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፤ መጠኑን፣ ሥራውን ያስረከብሽበትን ቀን፣ የመጨረሻውን የመክፈያ ቀን። ግልባጩ ላይ አስፈርሚ። ቡናውን አትጠጪ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ከገንዘቡ ሌላ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ መብት ይሰጠዋል። አንቺ ይህን ሰባት ጊዜ በ15,000 ብር ለቀሽዋል። ያሳፈረሽ የ300,000ው ብዛት አይመስለኝም። ቁጥሩ እንዲሞላ ስንት ልጅ ያለ ዕውቀቱ መመረቅ እንዳለበት እጅሽ ያውቃል።

አጥፊውና በቦታው 150,000 ብለሽ ጻፊ፣ በራስሽ ሥራ ብቻ። ሃምሳ ሁለቱን ሳምንት በዚያው ደካማ ዋጋሽ ብትሠሪ እንኳ ይሞላል። ካምናው በ46,000 ብር ገደማ ያነሰ መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጅ እያሳደግሽ ይህን ስመክርሽ ቀላል አድርጌ አይደለም። ከጉድለቱ የተወሰነውን በአርትዖት ልትሸፍኚው ትችያለሽ። ተማሪው ራሱ ይጻፍ፤ አንቺ አማካሪው እያወቀ ቋንቋውን አርሚለት። ክፍያው ያንሳል፣ እንቅልፉ ግን ይጥማል።

ጸሐፊነትሽን ጠይቀሻል። «ስልኩ ሁልጊዜ የሚጮኸው ቡናው ሲያልቅ ነው» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን የሚያይ ዓይን ለሌላ ሰው መመረቂያ ሲባክን ያናድዳል። ለወንድምሽ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ብሮሸሩን ስጪውና ያንብበው።

በዓሉ አልፎ ባንክ ሲከፈት ግን የሁለቱን ልጆች ቀብድ መልሺ። በወጪ በኩል መዝግቢው፤ ደረሰኙንም እዚያው ገጽ ላይ ለጥፊ።