የፈንድ ሥራ አስኪያጅ ለማን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?

ጠያቂያችን ለስምንት ዓመት ገንዘባቸውን ስላስቀመጡበት አንድ የአክሲዮን ሙቹዋል ፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ በጋራ አክሲዮን የሚገዛ ተቋም) ጽፈዋል። ሥራ አስኪያጁ በየዓመቱ የሚልከው ደብዳቤ መልካም መሆኑን፣ ያለፉት ሦስት ዓመታት ውጤት ግን ከገበያው በታች መሆኑን ገልጸው፣ «ይህ ሰው የሚሠራው ለእኔ ጥቅም ነው ወይስ ለድርጅቱ? በምንስ ላውቅ እችላለሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል። በዚህ ጥያቄ እኔም ብዙ ዓመት ተጨንቄበታለሁ፤ ባለማወቄም ገንዘብ ከስሬበታለሁ፤ ስለዚህ በዝርዝር ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ የሦስቱን ዓመት ውጤት ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። ቅን ሥራ አስኪያጅም ሦስት ዓመት ሊሸነፍ ይችላል፤ ለራሱ ብቻ የሚያስበውም ገበያው ሲሞቅ ያማረ ቁጥር ያሳያል። ውጤት ችሎታንና ዕድልን ቀላቅሎ የሚያሳይ እንጂ ታማኝነትን ለይቶ የሚያወጣ አይደለም። ታማኝነት የሚለየው የእርስዎ ጥቅምና የድርጅቱ ጥቅም ሲጋጩ ነው፤ የት እንደሚጋጩም አስቀድሞ ይታወቃል። ፈንዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ገቢ የሚያገኘው ከተሰበሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ በመቶኛ እየታሰበ ሲሆን፣ እርስዎ ግን የሚያተርፉት የእርስዎ ድርሻ ሲያድግ ብቻ ነው። ድርጅቱ ያለውን ገንዘብ በማሳደግም፣ አዲስ ገንዘብ በመሰብሰብም ገቢውን መጨመር ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ለድርጅቱ ይቀላል፤ ለእርስዎ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጨምረው ነገር የለም፤ አንዳንዴም ይጎዳዎታል።

ይህን የተማርኩት በአነስተኛ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ከሚያተኩር አንድ ፈንድ ነው። ስገባበት የያዛቸው ኩባንያዎች ስልሳ አይሞሉም ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም በደብዳቤው አብዛኞቹን በስም እየጠራ ለምን እንደገዛቸው ያስረዳ ነበር። ጥቂት መልካም ዓመታት ሲያልፉ የፈንዱ ስም ገነነ፤ ገንዘብም ጎረፈ። በየግማሽ ዓመቱ የሚወጡትን የአክሲዮን ዝርዝሮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነጻጽር፣ የኩባንያዎቹ ቁጥር ከሁለት መቶ አልፎ፣ ከላይ የሰፈሩት ዐሥሩም ማንም የሚያውቃቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ሆነው አገኘኋቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ትንሽ ኩባንያ ብዙ ገንዘብ አይሸከምም፤ ፈንዱ በብዛት ሲገዛ ዋጋው ይወደድበታል፣ ሲሸጥም ይወርድበታል። ድርጅቱ ለአዲስ ገንዘብ በሩን መዝጋት ይችል ነበር፤ አልዘጋም። የክፍያው መቶኛም በአንዲት ነጥብ አልቀነሰም። እኔ በገዛሁት ስም ሌላ ዕቃ እየተሸጠልኝ ነበር፤ ደብዳቤው ግን እንደ ቀድሞው ሞቅ ያለ ነበር።

በዚያው ሰሞን እስከዚያ ድረስ ገልጬው የማላውቀውን ሰነድ ከፈትኩ። በአሜሪካ ማንኛውም ሙቹዋል ፈንድ ከፕሮስፔክተሱ (ፈንዱን ለገዢዎች ከሚያስረዳው ዋና ሰነድ) ሌላ፣ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ የሚሰጥ የተጨማሪ መረጃ መግለጫ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ መግለጫ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ በሚመራው ፈንድ ውስጥ ምን ያህል የራሱ ገንዘብ እንዳለ በእርከን እንዲገለጽ ግዴታ ሆኗል፤ እርከኑ «ምንም» ከሚለው ተነሥቶ «ከ1,000,000 ዶላር በላይ» እስከሚለው ይደርሳል። ከእኔ ፈንድ ሥራ አስኪያጅ ስም ትይዩ ያለው ሣጥን «ምንም» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ለዐሥር ዓመት እንድንታገሠው በየደብዳቤው ሲለምነን የነበረ ሰው፣ እሱ ራሱ አንድ ዶላር አላስቀመጠም ነበር።

ይሁንና ይህን መለኪያ በጭፍን አይጠቀሙበት። በአንድ ግዛት የማዘጋጃ ቤት ቦንዶች ላይ ብቻ የሚሠራ ፈንድ ሥራ አስኪያጅ የዚያ ግዛት ነዋሪ ካልሆነ የግዛቱን የግብር ጥቅም ስለማያገኝ በፈንዱ ባይገባ አይፈረድበትም። የሀገር ውስጥ አክሲዮኖችን ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ፈንድ የሚመራ፣ በሥራውም ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ግን ምን ምክንያት ሊያቀርብ እንደሚችል እኔ አይታየኝም። እዚያው ገጽ አካባቢ ደመወዙና ጉርሻው በምን እንደሚሰላም ተጽፏል፤ እኔ ከዚህ ሁሉ አብልጬ የማነበው ይህን አንቀጽ ነው። ጉርሻው የሚታሰበው በአንድ ዓመት ውጤት ከሆነ፣ ሰውዬው በታኅሣሥ ወር ስለ እርስዎ ጡረታ ሳይሆን ስለ ራሱ ጉርሻ ቢያስብ ሊደንቀን አይገባም። በአምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ውጤት የሚታሰብ ከሆነ፣ የጉርሻውም ከፊል በዚያው ፈንድ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ከሆነ፣ ይህ ከመቶ መልካም ደብዳቤ ይበልጣል። ጉርሻው ከሚሰበስበው ገንዘብ መጠን ጋር የታሰረ ከሆነ ደግሞ የጥያቄዎን መልስ አገኙ ማለት ነው።

ክፍያን በተመለከተ ብዙ ሰው አንድ በመቶ ኢምንት ይመስለዋል። 10,000 ዶላር ከክፍያ በፊት በዓመት 7 በመቶ እያደገ 30 ዓመት ቢቀመጥ፣ ዓመታዊ ክፍያው 0.2 በመቶ ከሆነ ወደ 72,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል፤ ክፍያው 1.5 በመቶ ከሆነ ግን 50,000 እንኳን አይሞላም። የአንዱን ፈንድ ክፍያ ከሌላው ከማነጻጸር ይልቅ ለታማኝነት ጥሩ ምልክት የሚሆነው ግን የራሱ የፈንዱ ክፍያ በጊዜ ብዛት የሄደበት አቅጣጫ ነው። አንድ ቢሊዮን ዶላር ማስተዳደር አንድ መቶ ሚሊዮን ከማስተዳደር ዐሥር እጥፍ አያስወጣም፤ ስለዚህ ፈንዱ ዐሥር እጥፍ አድጎ መቶኛው ካልቀነሰ፣ የተረፈው ወደ ማን ኪስ እንደገባ ግልጽ ነው። ከ1980 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደውና «12ለ-1» የሚባለው ክፍያም አለ፤ ፈንዱን ለማስተዋወቅና ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ ከነባሮቹ ባለድርሻዎች ገንዘብ ላይ የሚነሣበት ነው። የቀረበው ምክንያት ፈንዱ ሲያድግ የነባሮቹም ወጪ ይቀንሳል የሚል ነበር። ለአዲስ ገንዘብ በሩን ዘግቶ ሳለ ይህንኑ ክፍያ መቁረጡን የቀጠለ ፈንድ ካጋጠመዎት፣ ማንን እያስተዋወቀ እንደሆነ የፈንዱን ቦርድ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ቦርድ ካነሣሁ ዘንዳ፣ ገለልተኛ የቦርድ አባላት አሉልን ብሎ መዝናናት አይገባም። ፈንዱን ያቋቋመውና አባላቱን መጀመሪያ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ራሱ ድርጅቱ ነው፤ ቦርዱ ድርጅቱ ፈንዱን የሚያስተዳድርበትን ውል በየዓመቱ ያድሳል፣ ውሉን ነጥቆ ለሌላ ድርጅት የሰጠበት ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት ነው። የ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ በ1970 ሲሻሻል ድርጅቱ በሚቀበለው ክፍያ ረገድ የአደራ ግዴታ እንዳለበት ተደንግጓል። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጆንስና ሃሪስ አሶሼትስ ጉዳይ እንደወሰነው ግን፣ ከሳሽ ለማሸነፍ ክፍያው ከተሰጠው አገልግሎት ጋር ምንም ምክንያታዊ ግንኙነት እስከማይኖረው ድረስ የተጋነነ መሆኑን ማሳየት አለበት። ይህ ከፍ ያለ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት እስኪደርስልን መጠበቅ አንችልም።

በ2003 የተገለጠውንም አልረሳውም። የሙቹዋል ፈንድ ዋጋ በቀን አንድ ጊዜ፣ የአሜሪካ ገበያ በሚዘጋበት ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ይሰላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ትእዛዝ የነገውን ዋጋ ማግኘት አለበት። የኒውዮርክ ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤሊየት ስፒትዘር በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እንዳጋለጡት፣ አንድ ሄጅ ፈንድ (የጥቂት ባለሀብቶችን ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ የግል ፈንድ) ከመዝጊያው በኋላ በወጣ ዜና ተመርቶ በዚያው ቀን ዋጋ እንዲገዛ ተፈቅዶለት ነበር። አንዳንድ የፈንድ ድርጅቶችም በፕሮስፔክተሳቸው ፈጣን መግባትና መውጣትን እናግዳለን እያሉ፣ ለእንዲህ ያለው ደንበኛ በሩን ከፍተውለት ነበር፤ እሱም በምላሹ ብዙ ገንዘብ በሌሎች ፈንዶቻቸው ያስቀምጥላቸው ነበር። ትርፉ የወጣው ገንዘባቸውን አስቀምጠው ከተቀመጡት ሰዎች ድርሻ ነው። በዚያ ጊዜ የድርጅቶቹን ደብዳቤ ብቻ ያነበበ ሰው ምንም ሊጠረጥር አይችልም ነበር።

ቢሆንም ደብዳቤ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ አነባበቡን ማወቅ ያስፈልጋል። አሁን ገንዘቤ ያለበት ሌላ ፈንድ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ክፉ ዓመት የጻፈውን አስቀምጬዋለሁ። ስለ ገበያው ሁኔታ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ፣ ከዚያ አንድ የገዛውን ኩባንያ በስም ጠቅሶ፣ የኩባንያውን ዕዳ አሳንሶ እንደገመተ፣ በስንት ገዝቶ በስንት እንደሸጠ፣ ከጠቅላላው ኪሳራ ምን ያህሉ ከዚህ ስህተት እንደመጣ አስቀምጦ ነበር። የሚያድግበት ቦታ ስለጠበበም በሚቀጥለው ወር ለአዲስ ባለድርሻ በሩ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ይህ ውሳኔ የራሱን ድርጅት ገቢ የሚቀንስ ነው። የእርስዎን ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤዎች ከዚህ አንጻር መልሰው ይዩአቸው። ሲያተርፍ «መርጠን ገዛን»፣ ሲከስር «ገበያው ተረበሸ» የሚል ከሆነ፣ ጨዋነቱ የቋንቋ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይለፍዎት፤ የድርጅቱን ሌሎች ፈንዶች ይመልከቱ። ውጤታቸው የከፋ ፈንዶችን ከተሻሉት ጋር እያዋሐደ መጥፎ ታሪካቸውን ከዝርዝር የሚያወጣ፣ በየጊዜው ፋሽን የሆነውን ዘርፍ እየተከተለ አዲስ ፈንድ የሚከፍት ድርጅት፣ ዋና ሥራው ሽያጭ ነው። በ1975 ጆን ቦግል ያቋቋሙት ቫንጋርድ ባለቤቶቹ ራሳቸው ፈንዶቹ እንዲሆኑ የተደረገው ይህንኑ ግጭት ከሥሩ ለመቀነስ ነበር፤ አብዛኞቹ ሌሎች ድርጅቶች ግን ለባለቤቶቻቸውም ማትረፍ አለባቸውና ግጭቱ ሁልጊዜ ከእነሱ ጋር ነው።

እንግዲህ ለእርስዎ ጉዳይ፣ ከመሸጥዎ በፊት የተጨማሪ መረጃ መግለጫውን አውርደው ሥራ አስኪያጁ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብና የጉርሻውን አከፋፈል ይፈልጉ፤ ከስምንት ዓመት በፊትና ዛሬ ያለውን የፈንዱን መጠንና የክፍያ መቶኛም ጎን ለጎን ይጻፉ። መጠኑ እጅግ ጨምሮ ክፍያው ባለበት ከቆመና የራሱም ገንዘብ ከሌለበት፣ እኔ ብሆን ሦስቱን ዓመት ሳልቆጥር እወጣ ነበር። ክፍያው ከቀነሰና ገንዘቡን ከእርስዎ ጋር ካስቀመጠ ግን ሦስት ደካማ ዓመት ለመልቀቅ በቂ ምክንያት አይመስለኝም። የጉርሻው አንቀጽ በሕግ ቋንቋ ስለሚጻፍ ግልጽ ካልሆነልዎ እዚህ ይለጥፉት፤ አብረን እናነበዋለን።