ምጣዱን ከመፍታታችሁ በፊት

ይድረስ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ለምትማሩ፣ ወይም ከአንድ ባለሙያ ኋላ ፒንሳና ቴስተር ይዛችሁ ለምትዞሩ ልጆቼ።

ደብረ ብርሃን ላይ በዚህ ሙያ ነው ያረጀሁት። ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቮልቴጁን (የኤሌክትሪኩን ግፊት) እና ከረንቱን (በሽቦው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት) ሳትለኩ ምንም አትፍቱ። ሁለቱ ቁጥሮች እጃችሁ ከገቡ ሌላው በሂሳብ ይመጣል። ቮልቴጁን ለከረንቱ አካፍሉ፣ ሬዚስታንሱን (ዕቃው ከረንቱን የሚገታበትን መጠን) በኦም ታገኛላችሁ። ቮልቴጁን በከረንቱ አባዙ፣ ፓወሩን በዋት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ለፈተና እንደሸመደዳችሁት አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ሰው ቤት ስትገቡ እንድትሠሩበት ነው።

የበዓል ዋዜማን አስቡት። ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ጥዷል፣ መብራቱ ደክሟል። አንዲት እናት ይደውላሉ፤ «ልጄ፣ ምጣዱ አልግል አለኝ፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም።» ልጁ ይመጣል። ቴስተሩን ይሰካል፣ ይበራል። «መብራትማ አለ» ይልና ምጣዱን ገልብጦ ሽቦውን ይቀይራል። በነጋታው ምጣዱ እንደ ልብ ይጋግራል። ለምን? በዓሉ አልፎ መብራቱ ስለተመለሰ ነው። እናትየዋ ግን ገንዘባቸውን ከፍለዋል። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል።

ቴስተር በራ ማለት መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ብቻ ነው። 220 ቮልት ይሁን 180 አይነግራችሁም።

እስቲ እናስላው። ምጣዱ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚሠራ ነው እንበል። 3500 ለ220 ሲካፈል 15.9 አምፒር ነው። 220 ለ15.9 ሲካፈል ደግሞ 13.8 ኦም። ጤነኛ ምጣድ እንግዲህ ይሄን ነው የሚያሳየው። አሁን ምጣዱን አብሩና ብሬከሩ ጋ ሄዳችሁ ለኩ። መልቲሜትሩ 180 ቮልት፣ ሽቦውን አቅፎ ከረንት የሚለካው ክላምፕ ሜትር ደግሞ 13 አምፒር አለ እንበል። 180 ለ13 ያው 13.8 ኦም ነው። ሽቦው ምንም አልሆነም! ግን 180 በ13 ሲባዛ 2340 ዋት ነው። ቮልቴጁ የወረደው 18 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ምጣዱ ከሙቀቱ ሲሶውን አጥቷል። ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱንም ይዞት ስለሚወርድ ነው፤ ጉዳቱ ከሁለት በኩል ይመጣል። እንግዲህ «እትዬ፣ ምጣድዎ ደህና ነው፤ መብራቱ ነው የደከመው፤ ሰው ሳይነሳ ማለዳ ይጋግሩ» በሏቸው። የድካማችሁን ተቀበሉ፣ ይገባችኋል።

ቮልቴጁ 220 ሆኖ ከረንቱ ከሚገባው በታች ከሆነ ግን ያኔ ፍቱ። ችግሩ ምጣዱ ውስጥ ወይም ግንኙነቱ ላይ ነው።

ከረንቱ ከበዛስ? 20 አምፒር ካያችሁ ሬዚስታንሱ 11 ኦም ወርዷል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው የተበጠሰውን ሽቦ ቆርጦ፣ አሳጥሮ ቀጥሎታል ማለት ነው። ምጣዱ 4400 ዋት ይስባል። ቶሎ ስለሚግል ባለቤቶቹ ይወዱታል። ባለ 16 አምፒር ሶኬት ግን ይሄን አይችልም። ቤት የሚያቃጥል ጥገና ነውና በፍጹም እንዳትሠሩት፤ ሌላው ሠርቶት ስታገኙም አይታችሁ አትለፉ።

ሶኬት መቅለጥም ከዚሁ ሂሳብ አይወጣም። ብሎኑ ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጠር፣ በ15 አምፒር 7.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። 7.5 በ15 ሲባዛ ወደ 112 ዋት ነው። ባለ 100 ዋት አምፖል ሶኬቱ ውስጥ አብርቶ እንደመተው ነው። ፕላስቲኩ ባይቀልጥ ነበር የሚገርመው።

ስለ አለካኩ ሁለት ነገር ልበል። ክላምፕ ሜትሩን ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ አታስገቡበት፤ ሄዶ የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ተጣፍቶ ዜሮ ያሳያችኋል። አንዱን ሽቦ ብቻ ለይታችሁ ያዙ፤ ብሬከሩ ጋ ሂዱ ያልኩትም ሽቦዎቹ እዚያ ተለያይተው ስለሚገኙ ነው። በኦም ስትለኩ ደግሞ ዕቃው ከመስመር ተነቅሎ ይሁን። ዕቃው ቀዝቃዛ መሆኑንም አትርሱ። የምጣድ ሽቦ ሲሞቅ ብዙም አይለወጥም። የድሮው ባለክር አምፖል ግን ሌላ ነው። ባለ 100 ዋቱ ሲበራ በሂሳብ 484 ኦም ነው፤ ጠፍቶ ስትለኩት አንድ አሥረኛውን እንኳ ላያሳይ ይችላል። መልቲሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሚያሞቅ ዕቃ ነው። ቁልቁለቱን ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ቬንትሌተርና ፍሪጅ ስትሠሩ፣ ወይም ወፍጮ ቤት ስትጠሩ ሂሳቡ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ላይ ቮልት በአምፒር ተባዝቶ የሚመጣው ቮልት-አምፒር ነው። ዋቱን ለማግኘት ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ብረት ላይ ኮሳይን ፋይ (cos φ) የሚለውን፣ ከቮልት-አምፒሩ ምን ያህሉ ዋት እንደሚሆን የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉና አባዙበት። በ220 ቮልት 10 አምፒር የሚስብ፣ ኮሳይን ፋዩ 0.8 የሆነ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር 1760 ዋት ነው፤ 2200 አይደለም። ቮልቱን ለአምፒሩ አካፍላችሁ ያገኛችሁት ኦምም ሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ (የጥቅሉ) ሬዚስታንስ ብቻ አይደለም። ጥቅሉ መቃጠሉን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ብሬከሩን አጥፉ፣ የሞተሩን ጫፎች ፍቱ፣ ከዚያ በኦም ለኩት።