የቮልስ የፊት እግር፦ ጥያቄና መልስ

የአሮጌ ቮልስዋገንን የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ክፍል) ስለማሻሻል የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። የመኪናችሁን ሞዴል በፈረንጆች ዓመት ጻፉልኝ፤ ያለ እሱ መልሴ ግማሹ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ የ1964 ሞዴል ነው። የፊት እግሩን ወደ ቦል ጆይንት ልቀይረው?

መልስ፦ ተወው ልጄ። ቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ የመጣው በ1966 ሞዴል ነው። ያን ጊዜ የእግሩ ዋና አካል የሆኑት የሁለቱ አግዳሚ ቱቦዎች ርቀት ስለተለወጠ በአንተ ሻሲ ላይ እንዲሁ በብሎን አይታሰርም፤ መቁረጥና መበየድ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ኪንግ ፒኑ፣ በአንተ መኪና ላይ መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ፒን፣ ምን አጠፋ? አሜሪካ ውስጥ ቮልስን ለበረሃ ግልቢያ የሚያዘጋጁ ሰዎች የድሮውን እግር ለጥንካሬው ሲሉ አፈላልገው ይገዙታል።

ጥያቄ፦ መሪው ይዋልላል። አዲስ አሞርዛተር ባስገባ ይስተካከላል? ሞዴሉ 1962 ነው።

መልስ፦ አሞርዛተር ንጥረቱን ይቀንሳል እንጂ የላላ ፒን አያጠብቅም። እህቴ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ይህን አድርጊ። መኪናውን በክሪክ አንሺ፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘሽ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዝውዢው። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ ይያዝልሽና እንደገና ሞክሪ። ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ሊንክ ፒኑ (የኪንግ ፒኑን ክፍል ከእግሩ ክንዶች ጋር የሚያያይዘው አግዳሚ ፒን) ወይም ኪንግ ፒኑ ነው። ሊንክ ፒኑ ካላለቀ ማስተካከያ አለው፤ ካለቀ ከነቦኮላው (ፒኑ ከሚገባበት ቀለበት ጋር) ይቀየራል። ግራሶ ስታስገቢም ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ይሁኑ፤ መሬት ላይ እንደቆመ ከተገፋ ክብደት የተጫነበት ጎን ደረቅ ይቀራል። ጥቁሩ አሮጌ ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግፊ። አብዛኛው የቮልስ «ማሻሻያ» እዚህ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ፊቱን ዝቅ ማድረግ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ በአዲስ አበባ ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ? ምርጫው የአንተ ነው። ከጨከንክ ግን ቱቦው መሀል በሚበየድ ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፊቱ ብቻ ሲወርድ መሪው ወደ መሀል የመመለስ ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ በታችኛው ቱቦና በሻሲው መካከል ሽብልቅ ማስገባት አትርሳ።

ጥያቄ፦ «1302» የሚባለውን የቮልስ ሞዴል የፊት እግር በተራ ቮልስ ላይ መግጠም ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። የእሱ አሞርዛተር ላይኛው ጫፍ የሚታሰረው በቦዲው ላይ ነው፤ የአንተ ቦዲ ያ ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ የዲስክ ፍሬንስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዋናው የፍሬን ሲሊንደር ባለ አንድ መስመር ከሆነ መጀመሪያ እሱን ወደ ባለ ሁለት ቀይሩ። አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው ያቆማችኋል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አስጠግኜ በነፋስ አሁንም ይንገዋለላል።

መልስ፦ የጎማውን አየር ስንት አስሞሉት? ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ቀላል ነው፤ ለራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ ይበቃዋል። ጎማ ቤቱ አራቱንም 32 ሞልቶ ከሆነ ጥፋቱ የእግሩ አይደለም።