ጭቃ ቤት ሲሚንቶ አይለብስም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ ቤቶችና የሰፈር ታሪክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአያታችን የወረስነው ቤት የጭቃ ግድግዳና የእንጨት በረንዳ ያለው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ውጩን በሲሚንቶ አስለሰንነው። አሁን ልስኑ እየተነፋ ይወድቃል፤ ከሥር ያለው እንጨትም በስብሷል። እንደገና እናስለስነው ወይ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እባክዎ በሲሚንቶ አይድገሙት። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ በበጋ መልሶ ያወጣዋል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ከዚህ እንቅስቃሴ ጋር መሄድ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል፤ ውስጥ ለውስጥ ወርዶም ቋሚዎቹ እግር ላይ ይጠራቀማል። ጭዱና ማገሩ የሚበሰብሱት፣ ምስጥም የሚገባው ያኔ ነው። ልስኑን አንኳኩተው ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው።

ከልስን በፊት ግን ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ። በአሮጌ ሰፈሮች መንገዱ በየጊዜው ስለተደለደለ የውጩ መሬት ከቤቱ ወለል በላይ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሳይስተካከል የሚለሰን ግድግዳ ሁለት ክረምት አይሻገርም። ግድግዳውን ተከትለው አፈሩን ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ያስነሡት፤ ውኃው ከቤቱ እንዲሸሽም ተዳፋት ያድርጉለት። የተቀደደ አሸንዳ ካለ አብሮ ይጠገን።

የበሰበሰ ቋሚ ከመነካቱ በፊት ጣራው በድጋፍ ይያዝ። ቋሚውን በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። የበሰበሰው እግር ብቻ ተቆርጦ ይቀጠላል፤ አፈር እንዳይነካም ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የድሮ ቤት ቋሚ ብዙ ጊዜ ጥድ ነው። ጥድ ምስጥን ስለሚቋቋም ጤነኛውን ጥድ አውጥቶ ባሕር ዛፍ መትከል ትልቅ ኪሳራ ነው።

አፈሩን ለመፈተን ግልጽ ጠርሙስ ሲሶውን በአፈር፣ የቀረውን በውኃ ሞልተው ይበጥብጡና ያሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከላይ ይረጋል። ደቃቁ በጣም ከበዛ፣ በተለይ ዋልካ ከሆነ፣ ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋ ይጨመርበት። ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ ሳምንት ይቡካ፤ ሳይቡካ የተመረገ ጭቃ ቶሎ ይረግፋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን እስኪያሳይ ይጠበቅና፣ ግድግዳው ውኃ ተርከፍክፎበት በተነፋ አፈርና በደቃቅ ጭድ የተሠራ ስስ ጭቃ ይለቅለቅ። በአንድ ጊዜ በወፍራሙ የሚመርግ ሠራተኛ ካጋጠመዎ ያስቁሙት። ሥራው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን ይመረጣል።

ማልበሻው ኖራ ነው። ውኃ ያልነካው ኖራ ከገዙ ኖራውን በጥቂት በጥቂቱ ውኃው ላይ ይጨምሩ እንጂ ውኃውን ኖራው ላይ አያፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። ለዚህ የብረት በርሜል እንጂ ፕላስቲክ ባልዲ አይሆንም፤ መነጽርና ጓንትም የግድ ነው። ውኃ ተኝቶበት ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ በወንፊት ተጣርቶ፣ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ በረጠበ ግድግዳ ላይ አራት አምስት ጊዜ ይቀባ። በየመሐሉ አንድ ቀን ይደር። የዘይትና የፕላስቲክ ቀለም እንደ ሲሚንቶው ግድግዳውን ያፍናሉ።

ነገሩ የጭቃ ብቻ አይደለም። በጎንደር ፋሲል ግቢም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሲሚንቶ የተሠራው ጥገና ከኖራው ግንብ ጋር ስላልተስማማ በኋላ ወደ ኖራ ተመልሷል። ቤትዎ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ሊፈርስ ነው። የወጣቶች ማኅበር ነን፤ ገንዘብ የለንም፣ ጊዜውም አጭር ነው። ምን እናስቀር?

መልስ፦ መጀመሪያ ፎቶ፣ ቀጥሎ ልኬት። በየ10 ሳንቲሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የ1 ሜትር ዘንግ አዘጋጁና ግድግዳው ላይ አስደግፉት። ስልኩን ወደ ላይ ሳታንጋድዱ ከፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ አንሡ። አራቱንም ገጽ፣ ከዚያ የበረንዳውን ጥርብ እንጨት፣ ማጠፊያና ቁልፉን፣ የአቡጀዴ ኮርኒሱን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ካለ ቀኑ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሡት። ጋዜጣው ቤቱ መቼ እንደተሠራ አይነግራችሁም፤ ልጣፉ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተለጠፈ ግን ይነግራችኋል።

ስትለኩ ሜትሩን ከአንድ ጥግ ዘርጉና በሩም መስኮቱም ከዚያው ዜሮ ይነበብ። ከመስኮት መስኮት እየዘለሉ መለካት በየዝላዩ ትንሽ ስሕተት ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ ግድግዳው አይገጥምም። የየክፍሉን ሁለቱንም አግድም (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) መለካት እንዳትረሱ። የድሮ ክፍል ማዕዘኑ እምብዛም ቀጥ ያለ ስላልሆነ፣ ያለ አግድሙ ልኬት ትክክለኛ ፕላን ማውጣት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን አዛውንቶች ድምፅ እየቀዳን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን ይምታታብናል።

መልስ፦ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከጣሊያን በፊት ነው በኋላ?» በሉ። የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ የጣሊያን መውጣት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው፤ እማማም ሆኑ አባባ ነገሩን ከነዚህ ወዲህ ወይም ወዲያ ካደረጉላችሁ ዘመኑ ይጠባል። ያሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ የእናንተን ስሌት በሌላ መስመር ለይታችሁ አስቀምጡ። ከፈረንጅ ሰነድ ጋር ስታመሳክሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። መጋቢት 1928 የእነሱ 1936 የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው አንዱን ድርጊት ሁለት አድርጎ ይመዘግባል። ቀረጻው ሲጀምር ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪው ስም በድምፅ ይነገር፤ ለማን እንዲሰማ እንደሚፈቅዱም እዚያው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ የአባቴ የድሮ አዲስ አበባ ፎቶዎች እኔ ጋ ናቸው። ለአገር ቤት እንዴት ላካፍል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከአልበሙ አይላጡ፤ ከነገጹ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ያድርጉና በቲፍ (ጥራት በማይቀንስ የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ። ጽሑፍ ሊኖርበት ስለሚችል ጀርባውንም ስካን ያድርጉ፤ አልበሙ ላይ የተጣበቀውን ግን ጀርባውን ለማየት አያስገድዱት። በፎቶው ጀርባ የሚጽፉ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ብቻ። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።