ለግማሽ ሰዓት ጎንዶላ 90 ዩሮ ያስቆጫል? ስለ ውድ ጉብኝቶች ጥያቄና መልስ

ለበርካታ ዓመታት የኖርኩት በሰሜን ኢጣሊያ ሲሆን፣ ከአሜሪካ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአገር ቤት የሚመጡ ወገኖችን ቬኒስን በማሳየት ብዙ የዕረፍት ቀኖቼን አሳልፌአለሁ። ከዚያም አልፌ እኔው ራሴ አገር ማየት የምወድ ሰው ስለሆንኩ፣ «ይህ ነገር ገንዘቡን ያህል ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። የተሰበሰቡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዋጋዎች ከዓመት ዓመት ስለሚለወጡ፣ የምጠቅሳቸውን አኃዞች ከመነሳታችሁ በፊት በየቦታው ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ እንድታመሳክሩ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ ባለቤቴና እኔ ጋብቻችን 10ኛ ዓመቱን ሲይዝ ቬኒስ ለመሄድ አስበናል። ጎንዶላ በሚባለው የቬኒስ የቀዘፋ ጀልባ መጓዝ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ያስከፍላል መባሉን ስሰማ ደነገጥኩ። ይህ ዝርፊያ አይደለም?

መልስ፦ ዝርፊያ ለማለት እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም ዋጋው ቀዛፊው የእንግዳውን ፊት አይቶ የሚጠራው ሳይሆን በከተማው የተወሰነ ታሪፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለ35 ደቂቃ 110 ዩሮ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህ ሒሳብ የጀልባው እንጂ የነፍስ ወከፍ አለመሆኑን ነው። አንድ ጎንዶላ እስከ 5 ሰው ስለሚይዝ፣ አምስት የሆነ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው 18 ዩሮ ቢያወጣ ነው፤ ሁለት ሰው ግን 45፣ 45 ዩሮ ይደርሰዋል። እርስዎ የጋብቻ በዓል ስለሚያከብሩ፣ ወጪውን ለመቀነስ ብለው ከማያውቋቸው ሦስት ሰዎች ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው እንዲቀመጡ አልመክርዎትም።

የሚከፈልበት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። ጎንዶላ 11 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ ከስምንት ዓይነት እንጨት የሚሠራና ሆን ተብሎ ጠማማ የሆነ ጀልባ ነው፤ ግራ ጎኑ ከቀኝ ጎኑ በ24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በአንድ መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ብቻ ስለሚቀዝፍ፣ ጀልባው ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚያ ጠማማነቱ ምክንያት ነው። ጠባብ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ከወዲያ የሚመጣው እንዲሰማ «ኦዌ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከዚያም አንድ እግሩን ዘርግቶ የቤቱን ግድግዳ በጫማው ገፋ ያደርግና ያን ሁሉ ርዝመት በእርጋታ ያዞረዋል። እኔ ይህን ስንት ጊዜ አይቼው እስካሁን አልሰለቸኝም።

ገንዘቡ የሚያስቆጨው መነሻውና ሰዓቱ ሳይመረጥ ሲቀር ነው። ከሳን ማርኮ አደባባይ ፊት ለፊት በእኩለ ቀን የተነሳ ሰው በሞተር ጀልባ ማዕበል እየተናጠ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሌሎች ጎንዶላዎች ተሰልፈው፣ የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ በውኃ ላይ አይቶ ይመለሳል። በዶርሶዱሮ ወይም በካናሬጆ ሰፈር ካሉት ጸጥ ያሉ መሳፈሪያዎች ቢነሱ በዚያው ዋጋ የመቅዘፊያውን ድምፅ ብቻ እየሰሙ ይጓዛሉ። ከመሳፈርዎ በፊት በየትኞቹ ቦዮች እንደሚያልፍና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይጠይቁ። ዘፋኝ ለብቻው የሚከፈልበት ሲሆን፣ የሚዘፈነውም ብዙውን ጊዜ የናፖሊ ዘፈን እንጂ የቬኒስ አይደለም፤ ስለዚህ ቢቀር አይጎዳዎትም። አንድ ተጨማሪ ዘዴ ልንገርዎት፦ በአውሮፓ በጋ (በእኛ ክረምት) ፀሐይ የምትጠልቀው የማታው ታሪፍ ከጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በጥቅምት ግን ከዚያ ቀድማ ስለምትጠልቅ፣ የምሽቱን ወርቃማ ብርሃን በቀኑ ታሪፍ ያገኙታል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ እናቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ቬኒስን ላሳያቸው እፈልጋለሁ፣ ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ የለኝም። በርካሽ የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፣ ያውም ሁለት ዓይነት። የቬኒስን ዋና ቦይ የሚያሻግሩት ድልድዮች አራት ብቻ ስለሆኑ፣ በመካከላቸው ባሉ ቦታዎች ሰው የሚሻገረው «ትራጌቶ» በሚባል ሰፋ ያለ ጎንዶላ ነው። ሁለት ቀዛፊዎች ይቀዝፉታል፣ ለጎብኚ ዋጋው 2 ዩሮ ነው፣ ጉዞው ግን ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ሁለተኛው «ቫፖሬቶ» የሚባለው የሕዝብ ጀልባ ሲሆን፣ በ9.50 ዩሮ ትኬት ለ75 ደቂቃ ያገለግላል። ከባቡር ጣቢያው በመስመር 1 ተሳፍራችሁ እስከ ሳን ማርኮ ብትሄዱ፣ ዋናውን ቦይ ከዳር እስከ ዳር ተቀምጣችሁ ታያላችሁ። ለታመመ ጉልበት የሚስማማው ይህ ነው፤ ትራጌቶው ሲሳፈሩበት ይወዛወዛል፣ ወረፋም ስላለ እርጋታ አይሰጥም።

የራሴ እናት ከደሴ መጥተው ሳለ፣ በሪያልቶ ገበያ አጠገብ ካለው የሳንታ ሶፊያ መሻገሪያ ትራጌቶ አሳፈርኳቸው። የአገሩ ሰው ቆሞ ሲሻገር እርሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጄን ጨብጠው፣ ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። ማዶ ስንደርስ «ያን ያህል የተወራለት ይኸው ነው?» አሉኝና፣ ወዲያው ደግሞ «በል መልሰኝ» አሉ። በዚያን ዕለት አራት ጊዜ ተሻገርን፤ ለሁለታችን የወጣው 16 ዩሮ ነበር።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ በሳን ማርኮ አደባባይ ካፌ ተቀምጦ ቡና መጠጣትስ?

መልስ፦ በአደባባዩ ካሉት ካፌዎች አንዱ የሆነው ፍሎሪያን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1720 ነው፤ የምትከፍሉትም ለወንበሩ፣ ለታሪኩና ለአደባባዩ ነው። ሙዚቀኞቹ በሚጫወቱበት ሰዓት ደግሞ በነፍስ ወከፍ ተጨማሪ ሒሳብ ይታሰባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣችሁ ሰው የምታዩ ከሆነ ይሁን፤ ጠጥታችሁ የምትነሱ ከሆነ ግን በየትኛውም ሰፈር ባንኮ ላይ ቆማችሁ ጠጡ። ማኪያቶ ቆሞ መጠጣት ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሊጠይቀኝ ለሦስት ቀን ይመጣል። ቡርጅ ከሊፋ ላይ ላወጣው ይገባኛል? ወጪው ይከብደኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አይገባዎትም። ይህን ካልኩ በኋላ ግን፣ ወንድምዎ አገር ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቡርጅ ከሊፋን አየኸው?» ተብሎ እንደሆነ ስለማውቅ፣ ጥያቄዎን አቃልዬ አላየውም። 828 ሜትር የሚረዝመው ይህ ሕንፃ በደንብ የሚታየው ከእግሩ ሥር ሆኖ ቀና ሲሉ ነው፤ ላይ የወጣ ሰው ከተማውን ሁሉ ሲያይ ራሱን ሕንፃውን ብቻ አያየውም። ፎቶውም ቢሆን የሚያምረው ከታች ሲነሱት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚከፈል ነገር የለም።

ላውጣው ካሉ፣ ወደ 148ኛው ፎቅ የሚያወጣውን ውዱን ትኬት ትተው የ124ኛውንና የ125ኛውን ይግዙ፤ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ከሁሉ ይበልጥ ውድ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ያለውን ሰዓት ይምረጡ፤ አስቀድመውም በኦንላይን ይግዙ። በከባዱ ሙቀት ወራት (በእኛ ክረምት) አየሩ በአቧራና በወበቅ ስለሚጋረድ፣ ያን ሁሉ ከፍሎ ወጥቶ ግራጫ ነገር ብቻ አይቶ የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። በቀሪው ጊዜ በዴይራና በቡር ዱባይ መካከል በ1 ድርሃም የሚያሻግረውን አብራ የሚባል የእንጨት ጀልባ አሳፍሪውና፣ ዴይራ ውስጥ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እራት ጋብዢው። («እርስዎ» እያልኩ ጀምሬ «አንቺ» በማለቴ ይቅርታ፤ ጥያቄሽ የራሴን እህት አስታወሰኝ።)

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ፓሪስ ለስብሰባ እሄዳለሁ። ኤፍል ታወር ጫፉ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ስለ ቡርጅ ከሊፋ ያልኩት እዚህም ይሠራል። ጉልበት ካለዎት እስከ ሁለተኛው ደረጃ 674 መወጣጫዎች አሉ፤ የደረጃው ትኬት ከሊፍቱ ይረክሳል፣ ወረፋውም ያጥራል። የከተማው ጎዳናዎችና ሐውልቶች ለይተው የሚታዩትም ከዚያ ከፍታ ላይ ነው፤ ከጫፉ ላይ ሁሉም ነገር እየደቀቀ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሩዋንዳ ጎሪላ ለማየት ለአንድ ሰዓት 1,500 ዶላር ይጠየቃል። ይህን የሚከፍል ጤነኛ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 የፈቃዱን ዋጋ ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ያሳደገችው፣ ጥቂት ሰው ብዙ እንዲከፍል በማሰብ ነው። ወደ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚገቡት ቢበዛ 8 ጎብኚዎች ሲሆኑ፣ ከአንድ ሰዓት በላይም አይቆዩም። ከፓርኮቹ ገቢ 10 በመቶው በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ እንዲውል ተወስኗል። እስካሁን ከጠየቃችሁኝ ነገሮች ሁሉ ውድነቱ ራሱ ነገሩን ጠብቆ የሚያቆየው ይህ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ርካሽ ቢሆን ኖሮ ጫካው በሰው ይጥለቀለቅ፣ ጎሪላዎቹም በእኛው በሽታ ያልቁ ነበር። በዩጋንዳ ያለው ፈቃድ ከ2024 አጋማሽ ወዲህ 800 ዶላር ስለሆነ፣ መንገዱ ረዘም ቢልም ገንዘብ ይቆጥባል። ለአፍሪካ አገሮች ዜጎች ቅናሽ የሚደረግባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ ስትጠይቁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደያዛችሁ አትደብቁ።

ይሁን እንጂ ጠያቂው ስሜን ተራራ ወጥተው የማያውቁ ከሆነ፣ መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ። ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚገኝበት አገር የለም። መቶም ከዚያም በላይ ሆነው ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ሣር በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት አጠገባቸው መቀመጥ ይቻላል፤ የነጨታው ድምፅ ራሱ ይሰማል። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለስካውት (ለፓርኩ ጠባቂ) የሚወጣው ገንዘብ ከጎሪላው ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ (ከኔታንያ)፦ በአቃባ ከተማ በኩል ለአንድ ቀን የዮርዳኖስን ጥንታዊ ከተማ ፔትራን አይተን እንመለሳለን። ትኬቱ ከሰማነው በላይ ሆነብን።

መልስ፦ ተሳስታችሁ አይደለም። ዮርዳኖስ ውስጥ የሚያድር ጎብኚ ለአንድ ቀን 50 ዲናር ሲከፍል፣ ሳያድር በዚያው ዕለት የሚመለስ ግን 90 ዲናር ይከፍላል። ሌሊቱን እዚያው ብታድሩ የትኬቱ ልዩነት ራሱ የመኝታውን ሒሳብ ሊሸፍን ይችላል፤ በነጋታውም የጎብኚ አውቶቡሶች ከመድረሳቸው በፊት ወደ ፔትራ በሚያስገባው ጠባብ ገደል ውስጥ ለብቻችሁ ትገባላችሁ። ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የምትቆዩ ከሆነ፣ የቪዛ ክፍያንና የፔትራን መግቢያ አንድ ላይ የሚይዘውን የዮርዳኖስ ፓስ ከመግባታችሁ በፊት ግዙ። በሩ ላይ «ፈረሱ በትኬትህ ውስጥ ነው» ይሏችኋል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ስትወርዱ ጉርሻ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ በካይሮ ፒራሚዶች ዘንድ ግመል መጋለብስ?

መልስ፦ ለፎቶ ያህል ይሁን። ዋጋውን ስትስማሙ ግን መውረጃውንም ጨምራችሁ ተስማሙ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ልጆቼን በየካቲት ወደ ባሕር ዳር እወስዳለሁ። ጢስ ዓባይን ለማየት መኪና ከነሾፌሩ መከራየት ያዋጣል?

መልስ፦ በየካቲት አያዋጣም። የወንዙ ውኃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ በደረቁ ወራት ከገደሉ ላይ የሚወርደው ቀጭን ነው፤ ያደጋችሁበትን ሥዕል ይዛችሁ ሄዳችሁ ልጆቹ ፊት ታፍራላችሁ። ጢሱ የሚጤሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ያንን ገንዘብ በጣና ላይ ጀልባ ተከራዩበት። እዚያም እንደ ቬኒስ ሒሳቡ የጀልባው ስለሆነ፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ብትጋሩ ይቀላል። ሴት ልጆች ካሏችሁ፣ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ስላሉ፣ ወደ ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን እዩ፤ የመቅደሱ ሥዕል ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። የመንገዱን ጸጥታ ግን በዚያው ሰሞን ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ እርስዎ ራስዎ ከፍለው የተጸጸቱበት ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትልቅ ከተማ ወደሚገኝ ዝነኛ ሙዚየም «ያለ ወረፋ» የሚያስገባ የተባለ ትኬት፣ ይፋዊ ካልሆነ ሻጭ በእጥፍ ገደማ ዋጋ ገዛሁ። ስደርስ የትኬት መስኮቱ በእርግጥ ሰው አልነበረበትም፤ ሰው ሁሉ የተሰለፈው ለፍተሻ ነበር፣ ለፍተሻው ደግሞ ሁላችንም እኩል ነበርን። በፀሐይ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ ብርቱካን ልጠው አንድ ክፋይ ሰጡኝና፣ የትኬታቸውን ዋጋ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።