ሴፕቲክ የሚመረመረው ከመመጠጡ በፊት ነው

እህቴ፣ «ቨርጂኒያ ውስጥ ልንገዛው ያሰብነውን ቤት ሴፕቲክ ሻጩ ባለፈው ሳምንት አስመጥጦታል፤ አሁንም ኢንስፔክሽን ያስፈልጋል ወይ?» ላልሽው፦ በደንብ ያስፈልጋል። ሴፕቲክ ማለት ግቢ ውስጥ ተቀብሮ የቤቱን ቆሻሻ ውኃ የሚቀበለው ታንክና፣ ከታንኩ የሚወጣውን ውኃ ወደ አፈር የሚያሰርገው ድሬን ፊልድ (ባጭሩ ፊልድ) ነው። እንዲያውም ሊሸጡት ሲሉ መመጠጡ ነው የሚያሳስበው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ያዢ። ከካውንቲው ጤና መሥሪያ ቤት የሴፕቲኩን ፈቃድና ንድፍ ጠይቂ። ቨርጂኒያ የሴፕቲክን መጠን የምትወስነው በመኝታ ቤት ቁጥር ነው፤ ለአንድ መኝታ በቀን 150 ጋሎን ይታሰባል። ማስታወቂያው ባለ 5 መኝታ እያለ ፈቃዱ ባለ 3 ከሆነ፣ ሴፕቲኩ የተፈቀደው ለ3 መኝታ ብቻ ነው፤ የቀሩት መኝታዎች አልታሰቡበትም። ድሬን ፊልዱን ላስፋ ብትዪም ግቢው ላይ የሚሆን አፈር ላይገኝ ይችላል።

2. ሽንት ቤት ለቅቆ፣ ቧንቧ ከፍቶ «ይሠራል» ብሎ መጻፍ ምርመራ አይባልም። ቀለም ጨምሮ ሣሩ ላይ ይወጣ እንደሆነ ማየትም ብቻውን አይበቃም። የሴፕቲክ ባለሙያ ቅጠሪ። የመግቢያውም የመውጫውም ክዳን ካልተከፈተ አትክፈይ።

3. ክዳኑ ሲከፈት ቆመሽ እዪ። በደህና ታንክ ውስጥ ውኃው ልክ የመውጫው ቧንቧ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይ ፊልዱ ውኃ መቀበል አቁሟል። ከዚያ በታች ከሆነ ታንኩ ያፈሳል ወይም በቅርብ ተመጥጧል። ግድግዳው ላይ ከመውጫው በላይ የጠቆረ መስመር ካለ፣ ውኃው ከዚህ በፊት እዚያ ድረስ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። የመውጫውን ባፍልም (ቆሻሻው ከውኃው ጋር እንዳይወጣ የሚያግደውን መከለያ) አስፈትሺ፤ የሲሚንቶ ከሆነ ጋዙ እየበላው ሊወድቅና የሚንሳፈፈው ቆሻሻ በቀጥታ ወደ ፊልዱ ሊሄድ ይችላል። ባፍል መቀየር ቀላል ነው፤ ፊልድ እንደገና ማሠራት ግን በአሥር ሺዎች ዶላር ይጠይቃል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። 1,000 ጋሎን የሚይዝ ታንክ፣ ቤተሰቡ በቀን 200 ወይም 250 ጋሎን የሚጠቀም ከሆነ በአራት አምስት ቀን ይሞላል። ስለዚህ ሰው እየኖረበት ከሆነ እስካሁን ሞልቷል፤ አስከፍተሽ ማየት ትችያለሽ። ቤቱ ባዶ ከሆነ ግን ታንኩም አልሞላም፣ ፊልዱም ደርቆ አርፏል፤ የታመመ ፊልድ እንኳ ለጥቂት ቀን የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ቤተሰብ ይዘሽ ገብተሽ፣ በላዩም ክርስትና ደግሰሽ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ከሻወሩ ቆሻሻ ውኃ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሁኔታ ታንኩ በውኃ ተሞልቶ ፊልዱ በጭነት ይፈተን በዪ። ያስመጠጠበትን ደረሰኝም ጠይቂ፤ መጣጩ ስንት ጋሎን እንዳወጣ፣ በተለይ ደግሞ ሲመጥጥ በመውጫው ቧንቧ ከፊልዱ ወደ ታንኩ የተመለሰ ውኃ ነበረ ወይ የሚለውን። ከተመለሰ ፊልዱ በውኃ ተጥለቅልቋል።

ኤጀንቱ «ክሎዚንግ (የሽያጩ መጠናቀቂያ) ይዘገያል» ብሎ ሊያጣድፍሽ ይችላል፤ አትቀበይው። የሴፕቲኩ ውጤት እስኪመጣ ውሉን የማፍረስ መብትሽ በጽሑፍ ይራዘም። በቃል የተነገረሽ ነገር ያስያዝሽውን ገንዘብ አያስመልስልሽም።

ሲስተሙ አየር የሚነፋ ወይም ሌላ አልተርኔቲቭ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ቨርጂኒያ በየዓመቱ ፈቃድ ባለው ኦፕሬተር እንዲታይ ታዛለች፤ ሻጩ ሪፖርቶቹን ያምጣ። የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣበት ቤት ከሆነም ውኃውን ለኮሊፎርም ባክቴሪያና ለናይትሬት ብክለት አስመርምሪ። በምርመራው ቀን ልጆች ይዘሽ አትሂጂ፤ ታንኩ ውስጥ ያለው ጋዝ ይገድላል።