ከሻንጋይ እስከ ቾንግቺንግ፦ ስለ ቻይናው የስደት ልብ ወለድ ለጠየቁት እህታችን

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ከ1911 እስከ 1976 የአንድ ቻይናዊ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ የሚተርክ ልብ ወለድ ጀምረዋል፤ ቻይንኛ አይችሉም፤ ስሞቹን በፊደላችን እንዴት እንደሚጽፉ፣ ምን ማጣራት እንዳለባቸው፣ እንዲህ ያለ ረቂቅ የት የት እንደሚሰናከል ማወቅ ይፈልጋሉ። ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። ዓመቶቹን ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር እሄድባቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት 65ቱን ዓመት ይተዉት። የዘውዱ መውደቅ፣ የጦር አበጋዞቹ ዘመን፣ የጃፓን ወረራ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ የ1959–61 ረሃብ፣ የባህል አብዮቱ እየተባለ ለእያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ሲሰጥ ገጸ ባሕርያቱ የታሪክ አስጎብኚ ሆነው ያርፋሉ። አባት አንዱን መከራ አይቶ ይሞታል፣ ልጅ ቀጣዩን ይረከባል፣ በመካከሉ ግን ጫማ የሚገዛ ሰው እንኳ አይገኝም። ቀውስ በልብ ወለድ የሚታየው ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ አልሠራ ሲል ነው፤ ድልድዩ ሲዘጋ፣ የብር ኖቱ ሲጣል። አንባቢው ይህ እንዲሰማው ትናንትን ጥቂት ገጽ ኖሮበት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከኦገስት 1937 እስከ ሜይ 1939 ያለውን 21 ወር ወስደው አንዱን ቤተሰብ ከሻንጋይ የጦርነቱ ጊዜ መዲና ወደ ሆነችው ቾንግቺንግ ያድርሱት። አያትየው 1911ን በትዝታቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ለዚያ የተለየ ምዕራፍ አያስፈልግም።

ሻንጋይን ሲጽፉ መጀመሪያ የሚወስኑት ቤቱ የቱ ሰፈር እንደሆነ ነው። ከተማዋ ያኔ አንድ አልነበረችም። ፈረንጆች የሚያስተዳድሩት ዓለም አቀፉ ሰፈር የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ፖሊስ ነበረው፤ መንገድ ላይ የሚቆመው ፖሊስ ጥምጥም ያሰረ ሕንዳዊ ሲክ ሊሆን ይችላል። በፈረንሳይ ሰፈር ደግሞ ቬትናማዊ። ከሱጆው ጅረት በስተሰሜን ያለው ጃቤይ በቻይና መንግሥት ሥር ነበር፤ ኦገስት 13 ቀን 1937 ውጊያው ሲጀመር የነደደው እሱ ነው። ከጅረቱ በስተደቡብ ያለው ሀብታም ጣሪያው ላይ ወጥቶ እሳቱን ይመለከታል፣ ድሃው ሻንጣውን ተሸክሞ በድልድዩ ይጎርፋል። አንድ ጅረት ለሁለት የከፈለው ይህ ኑሮ ለደራሲ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ግን «ሰፈሩ ውስጥ ያለ ሰው ተረፈ» ብለው እንዳይዘጉት፤ በማግስቱ ኦገስት 14 የጃፓንን የጦር መርከብ ሊመቱ የተነሡ የቻይና አውሮፕላኖች የጣሏቸው ቦምቦች ዒላማቸውን ስተው ናንጂንግ መንገድና ታላቁ ዓለም የተባለው የመዝናኛ ሕንፃ ላይ ወድቀው ከሺህ በላይ ሰው ገድለዋል። ጃፓኖች ራሱን ዓለም አቀፉን ሰፈር የያዙት ገና በዲሴምበር 1941 ነው። በ1938 በናንጂንግ መንገድ ላይ የጃፓን ወታደር በየቤቱ ሲፈትሽ ካሳዩ ዘመኑን አፋልሰዋል።

አሁን ወደ መንገዱ። ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹ «ወደ ምዕራብ ተሰደዱ» ተብለው በሚቀጥለው ገጽ ቾንግቺንግ ይገኛሉ። ናንጂንግ ዲሴምበር 13 ቀን 1937 ከወደቀች በኋላ ከሻንጋይ በያንግጼ ወንዝ ሽቅብ መሄድ አይቻልም። የሚቻለው በባሕር መርከብ ወደ ሆንግ ኮንግ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ጓንግጆው፣ ከጓንግጆው በ1936 በተጠናቀቀው የባቡር መስመር ወደ ዉሃን፣ ከዉሃን በእንፋሎት መርከብ ወደ ዪቻንግ ነው። ይህም በር የሚዘጋበት ቀን አለው፤ ጓንግጆው በኦክቶበር 21፣ ዉሃን በኦክቶበር 25 ቀን 1938 ወደቁ። በአራት ቀን ልዩነት መንገዱ ከሁለት ቦታ ተቆረጠ ማለት ነው። ገጸ ባሕሪዎ የታመመች እናቱን ለመጠበቅ አንድ ወር ቢዘገይ ምን እንደሚያጣ አንባቢው ሊያሰላው ይችላል። ሌላ የፈጠራ መሰናክል መፈለግ አያስፈልግም።

ዪቻንግ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይቀመጡ። ትልልቆቹ መርከቦች ከዚያ አያልፉም፤ ከፊት ያሉት ሦስቱ ገደሎች ጠባብና ፈጣን ስለሆኑ ሰውም ዕቃም ወደ ትንንሽ መርከብ መዛወር አለበት። በ1938 መከር የፋብሪካ ማሽንና ስደተኛ ወደቡ ላይ ተከምሮ ነበር። የሚንሸንግ መርከብ ድርጅት ባለቤት ሉ ዙዎፉ የወንዙ ውሃ በብርዱ ወራት ከመጉደሉ በፊት በ40 ቀን ገደማ አብዛኛውን ያሻገረበት ታሪክ የታወቀ ነው። ውሃው ሲጎድል ድንጋዩ ስለሚያገጥጥ ትልቅ ጭነት የያዘ መርከብ አይደፍረውም። ማለትም ጠላት ከኋላ ይመጣል፣ ውሃው ከፊት ይሸሻል።

በየብስ የሚሄዱ ሰዎች ካሉዎት የቻይናውን የእጅ ጋሪ በትክክል ይሳሉት። ጎማው አንድ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የሚገኘውም ከፊት ሳይሆን መሀል ላይ ነው። ጭነቱ በግራና በቀኝ ይከፈላል፤ አያት በአንድ ወገን ከተቀመጡ በሌላው ወገን ሩዝ ወይም ልጅ መኖር አለበት፣ አለዚያ ይገለበጣል። ርቀት በ«ሊ» ይነገራል፣ አንድ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። 60 ሊ ማለት 30 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በልጅነቷ እግሯ እንዳያድግ በጨርቅ የታሰረ አሮጊት በአንድ ቀን ስትጨርሰው እንዳይጽፉ። ያንግጼን በባቡር ድልድይ የሚሻገር ሰውም አይኑርዎት። የመጀመሪያው ድልድይ በዉሃን የተሠራው በ1957፣ የናንጂንጉ በ1968 ነው። ከዚያ በፊት ናንጂንግ ላይ የባቡሩ ፉርጎ ራሱ በጀልባ ይሻገር ነበር።

ቤተሰቡ ኖቬምበር 1938 ቾንግቺንግ ሲደርስ ከተማዋ ጭጋግ ውስጥ ናት። ጭጋጉ ከመከር እስከ ጸደይ ስለሚቆይ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ብዙም አያያትም። ሰማይ ሲጠራ ሰው የሚከፋባት ከተማ ናት። ገደል ላይ ስለተሠራች መንገዷ ደረጃ ነው፤ ውሃ ከወንዙ በሸክም ይወጣል። ነዋሪው ከታች የመጣውን ስደተኛ «የታችኛው ወንዝ ሰው» ይለዋል፣ በፍቅር አይደለም፤ የቤት ኪራይ አስወደዱብን ባይ ነው። የሻንጋይ ሰውና የሲቹዋን ሰው በየራሳቸው አነጋገር በቀላሉ አይግባቡምና ገበያ ውስጥ ወዲያው ሲጨዋወቱ አይጻፉ። ሜይ 3 እና 4 ቀን 1939 ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ ተቀጣጣይ ቦምብ ከቀርከሃና ከእንጨት የተሠራውን ሰፈር በላው። ልብ ወለዱ እዚህ ሊያበቃ ይችላል።

ገንዘብ ላይ ጥንቃቄ ያድርጉ፣ አዋቂ አንባቢ የሚይዝዎ እዚህ ነው። በኖቬምበር 1935 መንግሥት የብር ሳንቲሙን ከግብይት አግዶ «ፋቢ» የተባለ የወረቀት ገንዘብ አወጣ። በ1937 እና በ1938 ፋቢ ገና ይሠራል። ለአንድ ኪሎ ሩዝ በጆንያ የወረቀት ገንዘብ የሚሸከም ሰው የ1947–49 ሥዕል ነው፤ ወደ 1938 እየተጎተተ ስንቱን ረቂቅ አበላሽቷል። በእርስዎ ጊዜ ሰው የሚሸሽገው ወርቅ ነው፤ «ትንሿ ቢጫ ዓሣ» የሚሏት የወርቅ ጥፍጥፍ አንድ ሊያንግ፣ ማለትም 31 ግራም ግድም ትመዝናለች፣ በቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች። መጨረሻው ላይ ወደ 1948 የሚዘል ማሟያ ካስፈለገዎ ደግሞ ኦገስት 19 ቀንን ይውሰዱ። በዚያ ቀን «የወርቅ ዩዋን» ታወጀ፣ 3 ሚሊዮን ፋቢ በ1 ተመነዘረ፣ ዜጋው ወርቁንና ዶላሩን ለመንግሥት እንዲያስረክብ ታዘዘ። ሕግ አክባሪው ያቺን ዓሣ ወስዶ አስረከበ። በሜይ 1949 ኮሚኒስቶቹ ሻንጋይን ሲይዙ 100,000 የወርቅ ዩዋን በ1 ሬንሚንቢ፣ ማለትም በአዲሱ የኮሚኒስቶቹ ገንዘብ፣ ተለወጠ። አሥር ዓመት ጠርዝ ውስጥ የኖረችው ወርቅ በአሥር ወር ወረቀት ሆና ቀረች።

የቀን አቆጣጠሩ ለእኛ አንባቢ ልዩ ችግር አለው። የሻንጋይ ውጊያ የተጀመረው በእኛ ነሐሴ 7 ቀን 1929፣ ናንጂንግ የወደቀችው ታኅሣሥ 4 ቀን 1930 ነው። አራት ወር ብቻ ሆኖ ሳለ ዓመቱ ስለተለወጠ አንባቢው ከዓመት በላይ ያለፈ ይመስለዋል። ወይ ሁሉንም በፈረንጁ ይጻፉ፣ ወይ ወሩን ብቻ ጠርተው ዓመቱን ይተዉት። (1929 የካቲት 12 የተፈጸመበት ዓመት መሆኑን ግን የኛ ሰው ሳይነገረው ያስታውሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በዝምታ ቢጠቀሙበት አይከፋም።) ቻይናውያኑ ራሳቸው በደብዳቤ ላይ የሪፐብሊኩን ዓመት ይጽፋሉ፤ 1911ን ቢቀንሱለት ይገኛል፣ ስለዚህ 1937 «26ኛው ዓመት» ነው። በዓሉ ግን በጨረቃ ነው። አዲስ ዓመት በ1938 ጃንዋሪ 31፣ በ1939 ፌብሩዋሪ 19 ላይ ዋለ፤ የመጀመሪያው ዉሃን ላይ፣ ሁለተኛው ቾንግቺንግ ላይ ያገኛቸዋል። ዕድሜም እንዲሁ ነው፦ ሕፃን ሲወለድ 1 ተብሎ በየአዲስ ዓመቱ አንድ ይጨመርለታል። በበዓሉ ዋዜማ የተወለደች ልጅ በማግስቱ 2 ዓመቷ ነው።

ስሞች። ትልቁ ስሕተት በላቲን የተጻፈውን እንደ እንግሊዝኛ አንብቦ ወደ ፊደላችን መገልበጥ ነው። ኪዩ የሚባለው ፊደል «ች» ነው፤ ሥርወ መንግሥቱ ቺንግ እንጂ ቂንግ አይደለም። ኤክስ ወደ «ሽ» ይጠጋል፦ ሺዓን፣ ሹ። ዜድና ኤች ሲጣመሩ «ጅ» ናቸው፦ ጃንግ፣ ጆው። ብቻውን ያለ ሲ ለእኛ «ጽ» ይቀርባል፤ ለፈረንጅ የሚያስቸግረው ይህ ድምፅ ለኛ ፊደል ዝግጁ መሆኑ ደስ ይላል። የለመድናቸውን እንደ ማኦ ሴቱንግ ያሉትን ግን አያርሙ፤ ከተማሪዎች ንቅናቄ ጽሑፎች ጀምሮ የተቀመጠ ስም ነው። የቦታ ስም ሲሆን የዘመኑን ይጠቀሙ፦ ከ1928 እስከ 1949፣ መንግሥቱ ቾንግቺንግ ከተቀመጠበት የጦርነቱ ጊዜ በቀር፣ ዋና ከተማዋ ናንጂንግ ነበረች፣ ቤይጂንግም በመንግሥቱ አጠራር ቤይፒንግ።

የቤተሰብ ስም ይቀድማል። የእኛ አንባቢ የመጀመሪያውን የሰውየው፣ ሁለተኛውን የአባቱ አድርጎ ስለሚያነብ «ሊን ጂያሚንግ»ን ሲያይ ጂያሚንግን አባት ያደርገዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ሰው «የሊኖች ቤት» ብሎ ይጥራው፣ ይበቃል። ወንድማማቾች አንድ ክፍለ ቃል ስለሚጋሩ ጂያሚንግና ጂያሁዋ ገጽ 40 ላይ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ እንደሚጠሩት በተራቸው ይጥሯቸው፦ ትልቁ፣ ሁለተኛው። ታናሽ ታላቁን በስሙ አይጠራም። እዚህ ላይ የኛ «ጋሼ» እና «እትዬ» በደንብ ይሠራሉ፣ አይፈሯቸው። «አጎት» ግን ይጠብባል፤ የአባት ታላቅ ወንድም፣ የአባት ታናሽ ወንድምና የእናት ወንድም ሦስት የተለያየ መጠሪያ አላቸው፣ በቤቱ ያላቸው ሥልጣንም ይለያያል። «ትልቁ አጎቴ» እና «የእናቴ ወንድም» ብሎ መለየት ከቻይንኛው ቃል ጋር ከመታገል ይሻላል። ሚስት የአባቷን ቤት ስም ትይዛለች፣ ልጆቹ የባሏን። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ስለ እግር ማሰር አንድ ነገር፦ የሚጀመረው ከ5 እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው፤ ስለዚህ በ1937 40 ዓመት የሞላት ሴት እግሯ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ የ15 ዓመቷ የሻንጋይ ተማሪ ግን አይሆንም። ጨርቁ ቢፈታም አጥንቱ አይመለስም። ምግብ ላይ ደግሞ ሁሉንም ሩዝ አያብሏቸው፤ የሰሜን ገበሬ ስንዴና ማሽላ በል ነው።

የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ክፍል አልተውም ካሉ የእህል ኩፖኑን ይያዙ። ከ1955 ጀምሮ ከተሜው ገንዘብ ቢኖረውም ያለ ኩፖን ምግብ ቤት ውስጥ ሩዝ ወይም ኑድል አይበላም። የደርግን የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ያወቀ አንባቢ ሰልፉን ሳያስረዱት ይገባዋል፤ የሚያስረዱት ልዩነቱን ነው። የአንድ ክፍለ ሀገር ኩፖን ከክፍለ ሀገሩ ውጭ ዋጋ የለውም፤ በሁሉም ቦታ የሚሠራው አገር አቀፉ ኩፖን ለብቻው የሚገኝ ነው። ገበሬው ጭራሽ አይታደለውም። ከቾንግቺንግ ወደ ሻንጋይ የምትሸሽ ልጅ ኪሷ ውስጥ 50 ዩዋንና የሲቹዋን ኩፖን ብቻ ካለ፣ ሁለተኛው ባቡር ጣቢያ ላይ ትራባለች።